ከሾላው ላይ የወረደችው ሣጥን

የደን ጠባቂውን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ሰፈሩ ሁሉ «መጥረጊያው» ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት ለሹፈት ቢሆንም እሱ እንደ ማዕረግ ተቀብሎታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከአራት ዓመት በፊት ደኑን ሊጎበኝ የመጣ አንድ ትልቅ ሰው፣ የደረቀ ቅርንጫፍ ከፊቱ ዱብ ሲልበት ክው ብሎ፣ «ይኼ ደን ነው ወይስ ጠራጊ ያጣ ጓሮ?» አለ። ያቺ ቃል ጠባቂውን እንደ እሾህ ወጋችው። ከዚያን ቀን ወዲህ በእሱ ደን ውስጥ የሞተ ዛፍ ቆሞ ሰንብቶ አያውቅም። ሆዱ የተቦረቦረው፣ ወድቆ የተጋደመው፣ ጉቶው የበሰበሰው፣ ሁሉም ተቆርጦና ተጎትቶ በመኪና ተጭኖ ይወጣል። በሁለተኛው ዓመት መሥሪያ ቤቱ የምስጋና ወረቀት ሰጠው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ከስፌት መኪናዋ በላይ፣ የሠርግ ፎቶአቸው የነበረበት ምስማር ላይ ሰቀለው።

«እኔን አውርደህ?» አለችው።

«አንቺን ሁልጊዜ አይሽ የለ!»

ከጽዳት ቀጥሎ የሚታወቀው በጥርጣሬው ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለውን ተረት ይዞ ነው የተወለደው ይላሉ። ጭነት የተሸከመ ሰው ካየ እርጥቡን ከደረቁ ለይቶ ያሸታል፤ መጥረቢያ የያዘ ካየ «ወዴት ነው?» ሳይል አያሳልፍም። ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚጠረጥረው ግን የሚስቱን ታናሽ ወንድም ነው። ሰውየው አናጺ ነው፤ ወርክሾፑም ከደኑ አጥር ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። «አናጺን ደን አጠገብ ማስቀመጥ ጅብን ሥጋ ማስጠበቅ ነው» ይላል ጠባቂው። በአሥራ ሁለት ዓመት የጋብቻ ዘመን ግን አናጺው አንዲት ቀንበጥ ይዞ አልተገኘም። ይህን ሚስቱ ስታነሳበት መልሱ ዝግጁ ነው፦ «አልተያዘም ማለት አልሰረቀም ማለት አይደለም።»

የዚያ ዓመት ጣጣ የጀመረው ከባርኔጣው ነው። ጠዋት በሾላዎቹ ሥር ሲያልፍ ባርኔጣው ላይ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማ። ቀና ሲል ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ አየው፤ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ጥቁር ፍሬ ተነስንሶበታል። እንደገና ቀና ብሎ ትክ ብሎ ሲመለከት፣ የሾላው ቅጠል ወንፊት ሆኗል። አንዱን ቅርንጫፍ በዱላው ነቅነቅ ቢያደርገው አባጨጓሬ እንደ በረዶ ረገፈበት። አንገቱ ሥር የገባውን እየጎተተ ሲያወጣ ቆዳው ተቆጥቶ ቀላ። ጥቁሩ ፍሬ ለካ የእነሱ ኩስ ኖሯል።

አባጨጓሬ ድሮም አለ። እንዲህ ግን አይቶ አያውቅም። ቁልቁል ወደ ሸለቆው ወረደ፤ አሥሩም፣ ሃያውም ዛፍ ያው ነው። መሀል ላይ ቆም ብሎ አንድ የጎደለ ነገር እንዳለ ልቡ ነገረው፤ ምን እንደሆነ ግን ወዲያው አልመጣለትም። ከቆየ በኋላ ገባው። ደኑ ዝም ብሏል። ጠዋት ጠዋት ግንዱን እየቀጠቀጠ ጆሮውን የሚበላው ግንደ ቆርቁር የለም። በዛፎቹ ልጥ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሯሯጡት፣ አውራ ጣት የሚያክሉት ግራጫ ወፎችም የሉም። መቼ ነው የጠፉት? ባለፈው ዓመት ነበሩ? አላስታውስ አለው።

ወፍ ሲጠፋ ትል እንደሚፈላ ማንም ሳይነግረው ገባው፤ በዚህም ትንሽ ኮራ። የቀረው ወፎቹን ያጠፋውን ሰው ማግኘት ነው። ሰው መሆኑን አልተጠራጠረም። «ወፍ በገዛ ክንፏ አገር ለቃ አትሄድም» አለ ለራሱ። «ያባረራት ወይም የጨረሳት አለ።»

በመጀመሪያ ወንጭፍ የያዙትን ልጆች ጠረጠረ፤ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ሁለት ቀን ቆሞ ኪስ ሲያይ ዋለ፣ ከብይ በቀር አላገኘም። ቀጥሎ ወፍ አጥምደው ገበያ የሚያወጡትን ጠረጠረ፤ ገበያውን ሲዞር ውሎ ከዶሮ በቀር ባለ ክንፍ አላየም። ከዚያ መርዝ አሰበ። እርሻ ላይ የሚረጨውን መርዝ አንድ ሰው ደኑ ውስጥ ረጭቶት ቢሆንስ? ዛፉ ሲደርቅ «የሞተ ነው» ተብሎ እንደሚቆረጥ የሚያውቅ ሰው? የተቆረጠውንም በሳንቃ መልክ የሚመኝ ሰው?

እንዲህ እያሰበ ሳለ ነበር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አናጺው መሰላል ተሸክሞ፣ ጆንያ አንጠልጥሎ ከደኑ ሲወጣ ፊት ለፊት የተገጣጠሙት።

«ደህና ዋልክ ጋሼ።»

«ደህና። መሰላል ይዘህ ከየት ነው?»

«ሰው አውሶኝ… ማለቴ ላውሰው ሄጄ አጣሁት።»

«በደኑ ውስጥ?»

«ያቋርጣል ብዬ ነው እኮ።»

ጠባቂው ጆንያውን ዳሰሰው። ባዶ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ባዶ ጆንያ ሲያይ ልቡ ይረጋ ነበር፤ የእሱ ግን ባሰበት። ሙሉ ጆንያ ይዞ የሚወጣ ሰው ዕቃ ወስዷል። ባዶ ጆንያ ይዞ የሚወጣ ሰው ግን አንድ ነገር ውስጥ ትቶ ነው። ምን ተወ?

በማግስቱ ሊያስጠግን እግሯ የላላ መቀመጫ ዱካ ይዞ ወርክሾፑ ሄደ። ሰበብ እንድትሆነው ዱካዋን ራሱ ነበር ያላላት። አናጺው ገና ሲያየው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነገር በሸራ ሸፈነ። ጠባቂው አላየሁም ብሎ ተቀመጠ፤ ዓይኑ ግን ሥራ ላይ ነበር። ከሸራው ሥር የወጣች ቀጭን ሳንቃ፣ መሀሏ ላይ ሁለት ጣት የሚያሳልፍ ክብ ቀዳዳ። ወለሉ ላይ በሰጋቱራው መሀል ግራጫ ላባ።

«ጋሼ» አለ አናጺው ዱካዋን እየመታ፣ «ያ ባለፈው ዓመት ልነግርህ የነበረው የግንድ ነገር…»

«የሚሰጥ ግንድ የለኝም።»

«ኧረ እኔ ግንድ ስጠኝ አላልኩም።»

«አሁን ‹ግንድ› አላልክም?»

አናጺው ተንፍሶ ዱካዋን መለሰለት። ጠባቂው ሲወጣ በጓሮ በኩል ዞረ፤ ከወርክሾፑ መስኮት ሥር አንዲት ትንሽ ወፍ ክንፏን ዘርግታ ሞታ አገኘ። በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታት። አሁን የዓይን ምስክር ብቻ አይደለም፤ ሬሳም አለው።

ለምሳ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ስልክ ይዛ እየሳቀች ነበር። በሩ ሲንቋቋ «መጣ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

«ከማን ጋር ነበር?»

«ከደንበኛ።»

«ለደንበኛሽ ‹መጣ› ያልሽው ማንን ነው?»

«አንተን ነዋ! ባሌ መጣ ማለት ነውር ሆነ እንዴ?»

«ወንድምሽ ደኔ ውስጥ ምን እያደረገ ነው?»

መርፌዋ ላይ ክር ልታስገባ ነበር፤ እጇ ትንሽ ቆመ። «እሱን ጠይቀው።»

«ታውቂያለሽ ማለት ነው።»

«የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው ላንተ አንድ ነገር ሊነግርህ ሲሞክር አንተ ገና ሳይጨርስ እንደምትፈርድበት ነው። ብላ፣ ምሳህ ቀዘቀዘ።»

በላ፤ ምን እንደበላ ግን አላወቀም። እህትና ወንድም ተመሳጥረዋል። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ጠረጴዛው! ከዚያን ቀን በኋላ ሚስቱ ወደ ደጅ ስትወጣ ተከትሎ በመስኮት ያያል፤ ስልኳ ሲጮህ ጆሮውን ያቆማል። የቤቱ ጨዋታ ሞተ። እሷም ነገሩ ገብቷት የስፌት መኪናዋን ድምፅ ከፍ አድርጋ ትረግጠዋለች።

ሐሙስ ጠዋት በትልቁ ሾላ ሥር ሲያልፍ እርጥቡ አፈር ላይ ሁለት ጉድጓድ አየ፤ እኩል፣ ጎን ለጎን። የመሰላል እግር ነው። ቀና ብሎ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ በዓይኑ ሲለቅም፣ ከፍ ብሎ በቅጠል በተጋረደው በኩል የጫማ ካርቶን የምታክል የእንጨት ሣጥን አየ። ፊቷ ላይ ክብ ቀዳዳ አላት።

«ወጥመድ!» አለ፣ ብቻውን ጮክ ብሎ።

መሰላሉን ከጥበቃ ቤቱ አምጥቶ ወጣ። ሣጥኗ በካላማዳሪ ጎማ ነው ግንዱ ላይ የታሰረችው፤ ምስማር የሚባል ነገር የለም። «አየህ ጥንቃቄውን! ጠባሳ እንኳ አልተወም። ንጹሕ ሰው እንዲህ አይጠነቀቅም» አለ። ጎማውን በካራው ሲቆርጥ አንዲት ግራጫ ወፍ ከየት እንደመጣች ሳያያት በራሱ ዙሪያ እየተሽከረከረች ትጮህበት ጀመር። ባርኔጣውን እስክትነካው ድረስ ቀረበች። ወር ሙሉ ፈልጎ ያጣት ወፍ! ደስ አለው።

«አይዞሽ» አላት። «ልትገቢላቸው ስትዪ ደረስኩልሽ።»

ማስረጃው እንዳይፈስ ቀዳዳውን በጨርቅ ወተፈው፤ ሣጥኗን ጆንያ ውስጥ ከትቶ ከሞተር ሳይክሉ ኋላ ጥፍር አድርጎ አሰራት። አልከፈታትም። ማስረጃ የሚከፈተው ኃላፊ ባለበት ነው ብሎ ያምናል። ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚወስደው ኮረኮንች መንገድ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በየጉድጓዱ ሲነጥር ሣጥኗ ከኋላው ጓ ጓ ትላለች።

መሥሪያ ቤት ደርሶ መጀመሪያ ወረቀት ጠየቀ። «የወፍ ወጥመድ በማጥመድና መርዝ በመርጨት» ብሎ የሚስቱን ወንድም ከነሥራው ጽፎ ፈረመ። ኃላፊው አንብቦ «ዘመድህ አይደለም እንዴ?» ቢለው፣ «ሕግ ዘመድ የለውም» አለ ደረቱን ነፍቶ። ከዚያ ባለሙያዋ ተጠራች፤ በቅርቡ ተዛውራ የመጣች፣ መነጽር ያደረገች ልጅ እግር ሴት ናት። የሞተችውን ወፍ ከመሐረቡ ፈታች፤ አንገቷን በሁለት ጣቷ ዳበሰች።

«ይቺ በመርዝ አልሞተችም አባቴ። አንገቷ ተሰብሯል። መስታወት ያለበት መስኮት አጠገብ ነው ያገኟት?»

«መስኮት… አዎ፣ በመስኮቱ በኩል ነው። ግን ወጥመዱን ይክፈቱት፣ ወጥመዱን!»

ባለሙያዋ የሣጥኗን ክዳን በካቻቪቴ አንስታ ወደ ውስጥ አየች። ኃላፊው ከመቀመጫው ተነስቶ አንገቱን አሰገገ። ጠባቂው መጨረሻ ላይ ቀረበ።

ውስጧ ሽቦ የለም፤ ሙጫ የለም። የዛፍ ሽበትና ፀጉር የመሰለ ለስላሳ ነገር ተነጥፎባታል። በመሀሉ እንቁላል ነበር፤ ስድስት። አራቱ ተሰባብረው ከንጣፉ ጋር ተላቁጠዋል። ባለሙያዋ ከቀሩት ሁለት አንዱን አንስታ መዳፏ ላይ አኖረችው፤ የጣት ጥፍር የሚያክል፣ ነጠብጣብ ያለበት።

«ቀዝቅዟል» አለች። «ከየት ነው ያወረዱት?»

«ከሾላው።»

«እናትየዋ አልነበረችም?»

ባርኔጣውን የነካችው ክንፍ ታወሰችው። «ነበረች» አለ።

ባለሙያዋ እንቁላሉን ቀስ ብላ መለሰችው። «እነዚህ ወፎች የሚፈለፍሉት በግንድ ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ ቀዳዳውን ግን ራሳቸው መሥራት አይችሉም። ግንደ ቆርቁር የደረቀ ግንድ ፈልፍሎ ይገባል፤ እሱ ሲለቅ እነሱ ይወርሱታል። በእርስዎ ደን ውስጥ የደረቁ፣ ሆዳቸው ክፍት የሆነ ዛፎች ስንት አሉ?»

ይህን ጥያቄ ለዓመታት ሲጠብቀው ነው የኖረው። «አንድም!» አለ ፈጥኖ። «አራት ዓመት ሙሉ አንድ እንኳ አላስቀረሁም። የምስጋና ወረቀቴን ማየት…»

ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ጠባቂው የተጎተቱትን ግንዶች አሰባቸው፤ በመኪና ተጭነው የወጡትን፣ ያን ሁሉ ቀዳዳ። ሌባ ፍለጋ ኪስ ሲዳብስ፣ ገበያ ሲዞር፣ ሚስቱን ሲሰልል የሰነበተው ለካ የገዛ እጁን ሥራ ይዞ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚሉት ይኼ ነው።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ለማንኛውም፣ ሣጥንም ቢሆን ያለ ፈቃድ ነው የሰቀለው። አንዴ ተፈርሟል፤ ክሱን እናስኬደው። መሰላሉም ይወረሳል።»

«አይ» አለ ጠባቂው። «ቃሌን አነሳለሁ።»

«ካነሳህ በሐሰት ከሰስክ ማለት ነው። ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሃል፤ ፋይልህ ውስጥ ይገባል።»

«ይግባ።»

ፈረመ። ሣጥኗን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ወጣ።

ከመሥሪያ ቤቱ ሲመለስ ቤቱ አልገባም፤ በቀጥታ ወርክሾፑ ሄደ። አናጺው ሣጥኗን በእጁ ሲያይ መላጊያውን አስቀመጠ። ተቀብሎ ከፈተ። የተሰባበረውን ቅርፊት ከንጣፉ ላይ በጣቱ ለቀመ።

«የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ነበሩ» አለ በመጨረሻ። «አሥራ ሁለት ሣጥን ሰቅዬ የገባችው አንዲት ወፍ ብቻ ናት። እሷንም ከእህቴ በቀር ማንም እንዳያውቅ ብዬ…»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልነገርኩህም? ጋሼ፣ ባለፈው ዓመት ከአንተ ደን የወጣውን ግንድ ሰንጥቅ ተብዬ መጋዝ ላይ ሳደርገው፣ የእያንዳንዱ ሆድ በላባ፣ በእንቁላል ቅርፊትና በደረቀ ጫጩት ተሞልቶ ነው ያገኘሁት። ሁለቴ መጣሁ። አንዴ ‹የበሰበሰ ዛፍ ሆቴል አይደለም› አልከኝ። አንዴ ደግሞ ግንድ ልለምንህ የመጣሁ መስሎህ በር ላይ መለስከኝ። ምስማር ብመታ እንደምትከሰኝ ስለማውቅ በጎማ አሰርኩ። እንግዲህ ሌላ ምን ላድርግ?»

«ከስሼህ ነበር» አለ ጠባቂው። «ጽፌ ፈርሜ። አንስቼዋለሁ፣ ግን ከሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው።»

አናጺው ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «አሥራ ሁለት ዓመት ቆይተህ መክሰስህ ይገርመኛል።»

«የቀሩት አሥራ አንዱ የት የት ናቸው? ልጠብቃቸው።»

አናጺው ቀና ብሎ ዓይን ዓይኑን አየው። ጠባቂው ያን አስተያየት አወቀው፤ ጭነት የተሸከመ ሰው ባየ ቁጥር የራሱ ዓይን የሚያደርገው ነው።

«አልነግርህም» አለ አናጺው።

ሚስቱ ነገሩን ከወንድሟ ሰምታ ጠበቀችው። አልጮኸችም። ለአንድ ሳምንት ያህል «ብላ» እና «ቁልፉ የት ነው?» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። በስምንተኛው ቀን የምስጋና ወረቀቱን ከምስማሩ ላይ ራሱ አወረደ፤ እሷም አይታ ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

በዚያ ክረምት አምስት ሾላዎች ቅጠላቸውን መልሰው ሳያወጡ ደረቁ። ኃላፊው በደብዳቤ «ለምን አልተነሱም?» ብሎ ጠየቀ። ጠባቂው፣ ከጎብኚዎቹ መንገድ ርቀው ስለቆሙ ማንንም አይጎዱም፣ እዚያው ይቆዩ ብሎ መለሰ፤ ባለሙያዋም ከሥሩ ፈረመችለት። ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ፣ ሁለተኛ መልስ ሄደ። ሰፈሩ ደግሞ «መጥረጊያው ሰነፈ፤ እድሜ ነው» ይለው ጀመር። ነፋስ የጣለውን ግንድ ተሻግሮ ሲያልፍ እጁ መጋዝ ይፈልጋል፤ ለአራት ዓመት የለመደው እጅ በአንድ ቀን አይተውም። ኪሱ ውስጥ ከትቶት ያልፋል።

አናጺው ግን አላመነውም። ጠባቂው ጠዋት ሲዞር አንዳንዴ ከኋላው ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይሰማል፤ ዞር ካለ መሰላል የሌለው፣ ጆንያ ያልያዘ ሰው አጥሩ ጋ ቆሞ ያየዋል። «ደህና አደርክ ጋሼ» ይላል፤ «ደህና» ይለዋል። መጠርጠር ምን እንደሚመስል ያወቀው ያኔ ነው፦ ወደየት እንደሚያይ፣ የት እንደሚቆም፣ እጁን የት እንደሚያደርግ ሁሉ ይጨንቀዋል።

በሚቀጥለው ዓመት አባጨጓሬው አልጠፋም፤ ባርኔጣው ላይ የሚወርደው ፍሬ ግን ቀለል አለ። አንድ ቀን ጠዋት በዳገቱ በኩል ሲወጣ ከፍ ብሎ ባለ ግራር ላይ ቅጠል የጋረዳት ሣጥን ዓይኑ ውስጥ ገባች። ትል በአፏ የያዘች ግራጫ ወፍ ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጣ እሱን እያየች ትጠብቃለች፤ እሱ ቆሞ ሳለ አትገባም። ከአጥሩ ማዶ አናጺው እያየው እንደሆነ ሳይዞር አወቀ። ዳግመኛ ቀና አላለም። ዱላውን ይዞ ከመንገዱ ወጣና በሸለቆው በኩል ረጅሙን ዙሪያ ሄደ።

ለምሳ ሲገባ ሚስቱ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀችው።

«ዛሬ በዳገቱ በኩል ነበርክ አሉ።»

«ነበርኩ።»

«ምን አየህ?»

«ምን አለና አያለሁ?» አላት፣ ባርኔጣውን እያወለቀ።

ትክ ብላ አየችው፤ አላመነችውም። ወንበሩን ስባ ቦታ ለቀቀችለትና ምሳቸውን አብረው በሉ።